የሸክላው ግርግም

አስጎብኚ ነኝ። ጎንደር ውስጥ የማላውቀው ነገር ቢኖር እንኳ እንደማውቀው አድርጌ የማወራ፣ አፌ የማይያዝ ሰው ነኝ። ለዚህም ነው ያን ቀን ያደረግሁት ትዝ ባለኝ ቁጥር በኀፍረት ፊቴ የሚቃጠለው።

የምሠራበት ሆቴል ባለቤት ወይዘሮ አማረች፣ የፈረንጆቹን ገና እኛ ዘንድ ለሚያሳልፉ እንግዶች የልደት ግርግም፣ ማለትም የክርስቶስን ልደት በትንንሽ ሐውልቶች የሚያሳይ ትዕይንት፣ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ወለቃ ሄጄ እትዬ አዝመራን ለመንኋቸው። ዘመዶቻቸው ሁሉ እስራኤል ሲገቡ እዚሁ የቀሩ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ናቸው።

«እኛ እንኳ ገናን አናከብርም» አሉኝ ጭቃውን እያሹ። «መውለድን ግን አውቃለሁ፤ አምስት ወልጃለሁ።»

ማርያምን ጋደም አድርገው፣ ጋቢ ደርበውላት፣ ድካሟ ፊቷ ላይ እንዲታይ አድርገው ሠሯት። ዮሴፍ ስላልደረቀ በኋላ አመጣዋለሁ አሉ። ሲሸኙኝ፣ «ማን ሠራው ሲሉህ አዝመራ በል። ሌላ አልሻም» አሉኝ።

«ምን ገዶኝ!» አልሁ።

በዋዜማው እንግዶቹ ግርግሙን ከበቡት። እኔም ለቀቅሁት! ይህን ግርግም ጣልያን ፕሬሴፔ፣ ስፔን ቤሌን፣ ጀርመን ክሪፔ፣ ፖላንድ ሾፕካ እንደሚለው፣ በእኛ አገር ግን ልደቱ በሥዕል እንጂ በሐውልት እንደማይታይ ዘረዘርሁ። አንዲት ፖላንዳዊት አሮጊት ማርያምን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ማን ሠራት?» አሉ።

ወይዘሮ አማረች አጠገቤ ናቸው። ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ነው ባይ ናቸው፤ እንኳን ሆቴላቸው ሊያስገቡ። እሳቸውም፣ «ምን አሉ? ለመሆኑ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

«ከጣልያን ነው» አልሁ፤ ለአንዷ በእንግሊዝኛ፣ ለሌላዋ በአማርኛ።

ዞር ስል እትዬ አዝመራ ዮሴፍን በነጠላ ጠቅልለው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን ገብተው፣ ዮሴፍን ከማርያም ራስጌ ሊያቆሙት ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ ወይዘሮ አማረች።

«የቀረውን ዕቃ ያመጣች ተላላኪ ናት።»

አሮጊቷ እንግዳ ደንገጥ ብለው ክንዴን ያዙኝ። «እባክህ፣ እንዳትሰብረው ንገራት።»

መተርጎም ሥራዬ ነው። ሁልጊዜ አንቱ የምላቸውን ሴት፣ «አንቺ፣ እንዳትሰብሪው ተጠንቀቂ» አልኋቸው።

«እሺ፣ ጌታዬ» አሉኝ።