ማብሪያ የሌለው ግድግዳ

ከሁለቱ ወንድማማቾች ታላቅየው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲሰረስር፣ ገመድ ሲያሳልፍ ኖሯል። እህታቸው ከእናታቸው ጋር የምትኖርበትን አዲስ ቤት መሥራት ስትጀምር የመብራቱ ሥራ የእሱ እንደሚሆን አልተጠራጠረም። እሷ ግን ንድፉን ለኢንጂነሩ ለታናሽየው ሰጠችው።

"ሁሉንም ነገር ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠር ሥርዓት ነው" አለችው ታላቅየውን በስልክ። "መብራቱ፣ መጋረጃው፣ በሩ፣ ሁሉም በስልክና በድምፅ ይታዘዛል። አንተ እሱ በሚልህ መንገድ ገመዱን ትዘረጋለህ።"

"እሱ በሚልህ" ያለችው ነገር ከነከነው። ያንን ልጅ ካቻቢቴ አያያዝ ያስተማረው ማን ሆነና!

በማግስቱ ታናሽየው ንድፉን ገና ባልተለሰነው ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋው። እናታቸው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

"ኢንጂነሬ፣ ይቺ ሰማያዊዋ ምንድን ናት?"

"ዋናው መቆጣጠሪያ ናት እማዬ። የቤቱ አንጎል በያት።"

እናት ሳቀች። ታላቅየውን ስለ አንዲት ሶኬት እንኳ ጠይቃው አታውቅም።

እሱም ጎንበስ ብሎ ንድፉን ሲያይ አንድ ነገር አስተዋለ። በእናታቸው መኝታ ክፍልና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤቷ አንድም የግድግዳ ማብሪያ አልተሳለም። የእሷ ጣት ይንቀጠቀጣል፣ ስልክ መንካት አይሆንላትም። ድምጿም ከታመመች ወዲህ ሰልሏል። ሊናገር አፉን ሲከፍት እናት "ጎበዝ የኔ ልጅ" ብላ የታናሽየውን ራስ ዳበሰች። አፉን መልሶ ዘጋ። ይዋረድ እስቲ፣ አለ በሆዱ። ገመዱን ልክ እንደ ንድፉ ዘረጋ፤ ግድግዳውም ተለሰነ።

በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ እናት መታጠቢያ ቤት ገባች። መብራቱን ጠራችው፤ አልሰማትም። በጨለማ ግድግዳውን ስትዳብስ ተንሸራታ ወደቀችና እጇ ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ታናሽየው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። "እንዴት አላሰብኩትም? እኔ ነኝ የሰበርኳት።"

ታላቅየው ይህንን ውርደት ተመኝቶት ነበር። ሲያየው ግን አንጀቱ አልቻለም።

"እኔ አይቼው ነበር" አለ። "ንድፉ ላይ። አይቼ ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

"ቀናሁብሃ። ኢንጂነሬ ስትልህ ቀናሁ።"

ታናሽየው አፍጥጦ አየው። ታላቅየው ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ።

"ራስህ ትነግራታለህ" ብቻ አለው ታናሽየው።

ነገራት። እናት በጄሶ የታሰረ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችውና ፊቷን አዞረች። ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። በዚያ ሳምንት ወንድማማቾቹ አዲሱን ልስን ሰርስረው አልጋዋ አጠገብና መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ማብሪያ ገጠሙ። ከሥራ ወሬ በቀር ሌላ አላወሩም።

በስምንተኛው ቀን "ትራሴን ከፍ አድርግልኝ" አለችው። ከፍ አድርጎላት አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ታናሽየው ገባና ፊቷ ፈካ። ታላቅየውን ያው ቅናት ቆነጠጠው። ተነሣና ወንበሩን ለቀቀለት።