ሰው ነበረበት

በበይነ መረቡ መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ ጥንታዊቷ ከተማችን የተጻፈውን ገጽ እንደ ልጄ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ስጀምር ሁለት መስመር ወሬና አንድ ደብዛዛ ፎቶ ነበር። መተዳደሪያዬ መነጽር መሥራት ነው፤ አንዱ ደንበኛ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ግንቡን፣ በሮቹን፣ ወንዙን አንድ በአንድ አስገባሁ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግርጌው ላይ የታተመ ምንጭ አለው። ምንጭ የሌለው ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል፤ በዚህ ጉዳይ ወዳጅም ዘመድም አላውቅም።

ገጹ ከምርጥ ጽሑፎች ተርታ ሊመረጥ ጥቂት ሲቀረው አንድ ስም የለሽ ጸሐፊ መጣብኝ። ስለ ታችኛው ሰፈር እንዲህ ጽፌ ነበር፦ «ወንዙ ሰፈሩን ጠራርጎ ሲወስድ ነዋሪዎቹ አስቀድመው ለቀው ስለነበር ሰው አልነበረበትም።» ምንጩ ማዘጋጃ ቤቱ ያኔ ያሳተመው ሪፖርት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ምንጭ አለ? ይኸው ጉደኛ ግን ከሥሩ ሁለት ቃል ይጨምራል፦ «ሰው ነበረበት።»

አጠፋሁት። በማግስቱ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ደግሜ አጠፋሁት፤ ደግሞ መጣ። በውይይቱ ገጽ ላይ «ወዳጄ፣ ምንጭህ የታለ?» ብዬ ጻፍኩለት። እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ከጉድጓዱ ጎን ያለው ቤት። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ውሃው ከውጭ ሲገፋው አልከፈት አለ።»

ቀልደኛ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን መስታወት ስሞርድ ቀና እያልኩ በሩን አያለሁ፤ የሚያንኳኳ ያለ ይመስለኛል። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ስም የለሽ ጸሐፊ የሚታወቀው በኢንተርኔት መስመሩ ቁጥር ስለሆነ፣ ከዚያ መስመር ማንም እንዳይጽፍ እንዲዘጋልኝ ለገጹ አስተዳዳሪ አመለከትኩ። ተዘጋልኝ፤ እፎይ አልኩ።

ከሥራ ተመልሼ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ላስተካክል ገጹን ከቤት ብከፍት፣ «ከዚህ መስመር መጻፍ ተከልክሏል» የሚል ጽሑፍ ፊቴ ድቅን አለ። የራሱን ቤት የመስመር ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይሳቅብኝ። ያስዘጋሁት የገዛ ቤቴን መስመር ነው። በቤቱ ደግሞ ከእኔና ካሳደገችኝ አክስቴ በቀር ማንም የለም።

ሳሎን ስገባ ዜና እንድታይበት የሰጠኋትን አሮጌ ታብሌት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አስዘጋህብኝ አይደል?» አለችኝ።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሁን? ዕድሜዬን ሙሉ ታይፕ የመታሁ ሴት ሁለት ቃል ያቅተኛል?»

«ሪፖርቱ እኮ ሰው አልነበረበትም ነው የሚለው!»

«አውቃለሁ። የመታሁት እኔ ነኝ።» ድምጿ ዝግ አለ። «ለማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ታይፒስት ነበርኩ። ልቀቁ ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ውሃው በወሰዳቸው ማግስት አለቃዬ ወረቀቱን ይዞ መጣና ምቺ አለኝ፤ መታሁ። አባትህ ገና ልጅ ነው፤ ያን ዕለት እኔ ጋ ቢሮ በመዋሉ ነው የተረፈው። ከእኔ ደመወዝ በቀር ምን ነበረው? ከጉድጓዱ ጎን ያለው ቤት የእኛ ነበር። እናቴ እዚያ ውስጥ ነበረች።»

አያቴ በወባ ሞተች ተብዬ ነው ያደግኩት። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስሰርዝ የከረምኩት እሷን ነው።

«ያ የመታሁት ውሸት አሁን ሰው ሁሉ ፊት ሊሰቀል ነው» አለች። «እናቴን ሳልሞት አስገባልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

በማግስቱ ከሱቁ መስመር ገብቼ ሁለቱን ቃላት በገዛ እጄ ጻፍኩ። ምንጭ፦ ሪፖርቱን የመታችው ታይፒስት። ወንበሬን ሳላሞቅ አንድ የማላውቀው አራሚ «የታተመ ምንጭ የለውም፤ የቃል ወሬ አይገባም» ብሎ ሰረዘው። እኔው ስንቱን አፍ ያስያዝኩበት ደንብ ነው። ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ ተሳደብኩም። አልሰሙኝም። ገጹ «ሰው አልነበረበትም» እንዳለ ተመረጠ፤ እንኳን ደስ ያለህ ተባልኩ።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ገባች?»

«ገብታለች» አልኳት።

ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ታብሌቱን መለሰችልኝና «ዓይኔ ደክሟል፤ ካሁን በኋላ አንተ አንብብልኝ» አለች።

ከሥራ ስመለስ አነብላታለሁ። የማነብላት ገጹ ላይ የሌለውን ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ቃላት ብቻ ነበር፤ ፊቷ ሲፈካ ሳይ ቤቱንም ጉድጓዱንም፣ ከነገረችኝ እየቆነጠርኩ ጨመርኩ። ትናንት ግን ታብሌቱ ላይ አፍጥጬ አፌ እንዳመጣልኝ ስቀጥል፣ «በሩ አልከፈት ሲላት የልጇን አዲስ ጫማ እንዳይረጥብበት በማሰሪያው አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው» አልኩ።

አክስቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ያን ጫማ ከአንገቷ የፈታሁት እኔ ነኝ» አለች። «ከእኔ በቀር ያየ የለም። ለአባትህ እንኳ አልነገርኩትም። ማን ነገረህ?»

ማንም አልነገረኝም።