የጀልባዋ ምድጃ

«ስንት ሰው ታስተኛለች?»

«አንድ።»

ማርሲያ ስኮልተን እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። «አርባ ሁለት ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ አንድ ሰው ብቻ?»

«አልጋውማ ለስድስት ይበቃል። ማን እንደሚተኛባት የጠየቅሽኝ መስሎኝ ነው» አለ ጌሪት።

ማርሲያ ነገሩን አልገፋችበትም። ጌሪት ቫንደርላን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም። እሷ ከሟች ሚስቱ ከአርሊን ጋር ሃያ ዓመት በቤተ ክርስቲያን አብራ ዘምራለች፤ የገቢ ግብሩን የምትሠራለትም እሷ ናት። ማርች ሲገባ ጌሪት ወረቀቶቹን በጫማ ካርቶን ይዞ ይመጣል። ጀልባዋ በባንክ ብድር የተገዛች ናት። መኝታ፣ ሽንት ቤትና ማብሰያ ኖሯት እንደ ሁለተኛ ቤት ከተቆጠረች የብድሩ ወለድ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ይቀነስለታል፤ የሚመለስለት ገንዘብም የበጋውን የወደብ ኪራይ ይሸፍናል።

«ዘንድሮ የገዛሁት የግብር ፕሮግራም እያንዳንዱን ጥያቄ ካልመለሱለት አያልፍም» አለች። «መኝታ አለ። ሽንት ቤት?»

«አለ። ከቤቴ ይሻላል።»

«ማብሰያ?»

ጌሪት ጉልበቱ ላይ ያኖረውን ባርኔጣ አዞረው። «የለም።»

«እንዴት የለም? አርሊን ያንን የአተር ሾርባዋን ሞተሩ ላይ ነበር እንዴ የምትጥደው?»

«ምድጃውን ነቅዬዋለሁ። እሷ የተቀበረች ሰሞን፣ ካቻምና። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ካርታዎቼን ነው የማስቀምጠው።»

«ምን አደረገህ ምድጃው?»

«ጠዋት ስነቃ እዚያ የቆመች ይመስለኝ ነበር።»

ማርሲያ ወደ ስክሪኑ ዞረች። «ማይክሮዌቭስ?»

«ቴርሞስ አለኝ።»

«ቴርሞስ አያበስልም፣ አንተ ሰውዬ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

«ስማኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በፕላስቲክ ተጠቅልላ የቆመች ጀልባ ላይ መሰላል ወጥቶ ምድጃ የሚፈልግ ሰው የለም። አለ በለኝና ልለፈው። ያለዚያ ልትሸጣት ነው። ዳይክስትራ እስከ ዓርብ ብሎህ የለ?»

ዳይክስትራ ክረምቱን ጀልባውን ከጌሪት ጀልባ አጠገብ የሚያቆም ሰው ነው፤ የጌሪትን ልግዛት ብሎ ጠይቆታል።

«ብሎኛል።»

«ታዲያ?»

«አለ ካልኩ እኮ ማርሲያ፣ ያኔ ምንም እንዳልሆነ ሊመስል ነው። የለም ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። የሚመለስለት ገንዘብ ከስክሪኑ ላይ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጌሪት መነጽሩን አጥልቆ ፈረመ።

በር ላይ «እሑድ ምሳ እኛ ዘንድ ና» አለችው።

«እስቲ» አለ። እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወደ ጀልባ ማቆያው ነዳ። የሚሺጋን ሐይቅ ዳር ዳሩ ገና በረዶ ነበር። ጀልባዎቹ በብረት ድጋፍ ላይ በነጭ ፕላስቲክ ተጠቅልለው ተደርድረዋል፤ የሰው ዱካ ያለው የእሱ መሰላል ሥር ብቻ ነው። ወጥቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፕላስቲኩ በነፋስ ይርገበገባል። ካርታዎቹ ካሉበት መደርደሪያ በላይ፣ እንጨቱ ላይ፣ የአርሊን ድስት እንፋሎት ለዓመታት ሲያጠቁረው የኖረ ቦታ አለ። እስከ ዛሬ አላስተዋለውም ነበር።

ዓርብ ለዳይክስትራ ደወለ። «አልሸጥም።»

«የወደቡን ኪራይ ከየት ልታመጣው ነው ታዲያ?»

«ወደብ አልገባም። እዚያው ማቆያው ውስጥ ትቆማለች።»

«ኧረ ዶክተር! ውሃ የማትነካ ጀልባ ምን ትሠራልሃለች?»

ጌሪት አመስግኖ ስልኩን ዘጋ።

ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ በብርድ ልብስ ሸፍኖት የኖረውን ምድጃ አውጥቶ መኪናው ላይ ጫነ። ማቆያው ውስጥ የሚያግዘው ሰው ስላልነበረ በገመድ አስሮ ወደ ጀልባዋ ሽቅብ ጎተተው። ሁለት ጊዜ አቃተው፤ በሦስተኛው ወጣለት። ካርታዎቹን አንስቶ ምድጃውን በቦታው ገጠመ፤ የጋዝ ቱቦውን አገናኘ፤ ጭሱ እንዲወጣም ፕላስቲኩን በቢላ ቀዶ መስኮት አበጀ። ከዚያ አንድ ጣሳ የአተር ሾርባ ከፍቶ ጣደና፣ ቆሞ እያማሰለ እስኪፈላ ጠበቀ።