ማዶ የሚታረመው ፀጉር

ሠላሳ አራት ዓመት ፀጉር ያስተካከለ ሰው ምላሱም እንደ መቀሱ አያርፍም። እኔን ያዋረደኝ ይኸው ምላሴ ነው።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎረምሳ ፀጉር ቤት ከከፈተ ዓመት ሆኖታል። ደንበኞቼን አልነጠቀኝም፤ በዚህም ስጎርር ከረምኩ። የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ጡረተኛው መምህር ከወንበሬ ተነሥቶ እንደ ልማዱ «እጅህ ይባረክ» ብሎኝ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የማሽኔ ገመድ ተቃጠለና ትርፍ ማሽን ልዋስ ተሻገርኩ።

ጎረምሳው ሥራ ላይ ነበር። ወንበሩ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ሰው መኖሩን አያለሁ፤ ማንነቱን ግን አልለየሁም። ከዓመት ወዲህ የሰው ፊት ሁሉ መሃሉ ላይ ጭስ የገባበት ይመስለኛል።

«ስማ አንተ» አልኩት አፌን ሞልቼ፣ «ሙያ መማር ከፈለግህ ሂድና አሁን ከእኔ ዘንድ የወጣውን የመምህሩን ማጅራት እይ። ማጅራት እንዲያ ነው የሚሠራው!»

ጎረምሳው ማሽኑን አጠፋ። ከጨርቁ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ፣ እኔ ነኝ» አለ መምህሩ።

ጠጋ ብዬ ማጅራቱን ዳሰስኩት። በአንድ በኩል ተገጥቧል፣ በሌላው በኩል ጎፍሯል። ከጆሮው ሥር ጣቴ የተለጠፈ ጥጥ ነካ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ አላወቅኩም።

«ሌሎቹስ?» አልኩ።

«ሁላችንም ነን። ካንተ ስንወጣ በጓሮ ዞረን እዚህ እንገባለን። ቅር እንዳይልህ ብለን ነው።»

«አባባ፣ እኔ ለማንም አልተነፈስኩም» አለኝ ጎረምሳው። ይኼኛው ደግሞ ባሰብኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ማሽኑን ሳልዋስ ተመለስኩና ሱቄን ዘጋሁ።

ስኳር ካለብኝ ስምንት ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ያን ጊዜውኑ «ስኳር ዓይንን ሳያሳምም ነው የሚያጠፋው፤ በየዓመቱ ይታዩ» ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ቀኑን ቆጥራ፣ ሸሚዜን ተኩሳ ትልከኛለች። እኔ ግን ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው መናፈሻ ዳማ ስጫወት እውልና «እርጅና ነው፣ ሌላ ምንም የለብህም አሉኝ» እላታለሁ። ፈርቼ ነዋ! ምላጭ የያዘ ሰው ዓይኑ ታመመ ከተባለ ማን አንገቱን ይሰጠዋል? እሷ ደግሞ እኔን እንዳያምረኝ ብላ ስምንት ዓመት ሙሉ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች።

ሱቄን በዘጋሁበት ማታ «ዓይኔ ትንሽ ብሶብኛል» ብቻ አልኳት፤ በማግስቱ አብራኝ ሄደች። ነርሷ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ጨመረችልኝ፤ ሐኪሟ በመብራት ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አባቴ፣ ስኳሩ የዓይንዎን ጀርባ በጣም ጎድቶታል። የቀኙ የሚመለስ አይመስለኝም። ለግራው ቶሎ ሕክምና እንጀምር። ከዚህ በፊት ታይተው ያውቃሉ?»

ባለቤቴ ቀደመችኝ። «እንዴ! በየዓመቱ እዚሁ ይመጣል እንጂ። እሱ በቀጠሮ አይታማም።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «እርጅና ነው እያላችሁ ስትመልሱት ኖራችሁ ዛሬ ጠፋ ትሉናላችሁ? ሰው አይደለም እንዴ?»

«እማማ፣ ማን እንዳያቸው ላጣራ» አለች ሐኪሟ ደንግጣ።

«ንገራት እንጂ!» አለችኝ ባለቤቴ ክንዴን ይዛ። «የትኛው ሐኪም ነው? ለአንተ ብዬ እስከ ኃላፊው እሄዳለሁ!»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የደበቅኩት ግን ከሐኪም ብቻ አልነበረም።

«ማንም አላየኝም» አልኩ። «አንድም ቀን አልመጣሁም። መናፈሻው ውስጥ ዳማ ስጫወት ነበር የምውለው።»

ክንዴን ለቀቀችኝ። ጠብታው ዓይኔን አፍዝዞት ስለነበር ፊቷን አላየሁትም፤ ባለማየቴም ደስ አለኝ። ከውሸቴ ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያች ደስታዬ ነው።