ከማን ጋር ማውራት ትወዳለህ?

በሁለቱ የእንግሊዝኛ መማሪያ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው። ለስሙ ግድግዳ ይባል እንጂ ማስነጠስ እንኳ አያግድም። የእንግሊዝኛ መምህሯ በዚያ ግድግዳ በኩል የምትሰማው ነገር አንጀቷን ሲያሳርራት ከርሟል። ወዲያ ማዶ ባሏ ይስቃል።

ባሏ ኤሌክትሪሺያን ነው። መሥሪያ ቤቱ እንግሊዝኛ ካልተናገርክ እድገት የለም ስላለው መጀመሪያ የተመዘገበው እሷው ክፍል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ባልና ሚስት አንድ ክፍል አያምርብንም ብሎ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። የጎረቤቷን አስተማሪ ተማሪዎቹ ሳቂታዋ ይሏታል። ገና ልጅ ናት፤ ወንበሩን በክብ ታስደረድርና ተማሪዎቿ እንግሊዝኛውን እየሰባበሩ ሲንጫጩ ይውላሉ። የእኛዋ መምህር ክፍል ግን ጸጥ ያለ ነው። ተማሪ አፉን በከፈተ ቁጥር ታርመዋለች፣ እሱም የታረመውን ይደግምና ይቀመጣል። በዚህ ትኮራለች። ስህተት ሰምቶ ማለፍ የሕፃን ንፍጥ አይቶ እንደማለፍ ነው ባይ ናት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሰውየው ድዳ ሆኗል። ለራሱ ጥቅም ብላ ራት ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳይነገር ከደነገገች ወዲህ በልቶ ይነሳል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል። እንዴት ዋልክ ስትለው ደህና፣ ሥራስ ስትለው ደህና። ለቤት ቀጋ ለውጭ አልጋ! እዚያ ማዶ የሚለፈልፈው ምላስ እሷ ጋ ሲደርስ ምን ይይዘዋል? ቅናት መቼም መልስ አያጣም፤ ሳቂታዋ ባሌን ወስዳዋለች ብላ ደመደመች። ጸጉሯን ሳይቀር እንደ ሳቂታዋ አስቆርጣ ገባች። ሰውየው ቀና ብሎ አላያትም።

አንድ ቀን ሳቂታዋ ጉንጯ አብጦ መጣች። በማግስቱ ጥርሷን ልታስነቅል ስለሆነ ክፍሏን እንድትይዝላት ለመነቻት። የንግግር መልመጃውን እንዳሻት እንድታዘጋጅ ነግራት አንድ ነገር ብቻ አደራ አለቻት፤ ተማሪዎቹ እየተናገሩ እንዳይታረሙ፣ ስህተታቸው ተጽፎ መጨረሻ ላይ ለሁሉም በአንድነት እንዲነገር። መምህሯ የራሷን ተማሪዎች የጽሑፍ ሥራ ሰጥታ ልትይዝላት እሺ አለች። አደራውን ግን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው፤ ሐሳቧ ሁሉ ባሏ ላይ ነበር።

ከሰዓቱን ሙሉ እቅድ ስታወጣ ዋለች። ካርቶን ቆረጠች፣ ጥያቄ ጻፈች። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ካርድ ያነሳሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ጠያቂው ለምን ብሎ ያስከትላል። ሥራህን እንዴት መረጥክ፣ ዝናብ ትወዳለህ፣ እነዚህ ለሽፋን ናቸው። የልቧ ጥያቄ አንድ ነው፤ ከማን ጋር ማውራት ትወዳለህ? ይህን ካርድ ባሏና የዘወትር ጥንዱ ልብስ ሰፊው ፊት አስቀምጣ፣ ወረቀት የምታድል መስላ አጠገባቸው ጆሮዋን ልትቀስር ነው። ሳቂታዋን ሲጠራ ከሰማች በኋላ ምን እንደምታደርግ ግን እቅዱ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ቀረ። ሁሉም ጥንዱን ሲይዝ ባሏ ብቻውን ተረፈ። በዚያ ክፍል ደግሞ ደንብ ነው፤ ጥንድ ያጣ ተማሪ ከአስተማሪው ጋር ይቀመጣል። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይሉ የለ፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እንዲህ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ከተቀመጡ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታወሰችም። ካርዱን አንስታ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

ሰውየው ፈገግ አለ። ቤት ውስጥ የማይታይ ፈገግታ ነው። ቃል ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን አየና በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ለማንኛዋም አስተማሪ እንደሚመልስ ተማሪ መለሰ።

"ከሚስቴ ጋር።"

ደስ ብሏት ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ካርዱ ባያዛትም መጠየቋ አይቀርም ነበር።

"ለምን?"

"ድሮ የሥራ ወሬ እነግራት ነበር። ትስቅልኝ ነበር።" ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ቀጠለ። "አሁን እፈራታለሁ። ስናገር የምትሰማው ስህተቴን ነው። እዚህ የምማረው እድገቱን ብዬ አይደለም። አንድ ቀን ሳልሳሳት ላወራት ነው።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ተወላግዶ ነበርና መምህሯ ሳታስበው አረመችው።

የባሏ ፈገግታ ጠፋ። እንደ ጎበዝ ተማሪ ጀርባውን አቅንቶ የታረመውን አንድም ሳያጎድል ደገመላት። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

"የሚቀጥለው ጥያቄ፣ ቲቸር" አላት።