የጠረጴዛው ቁመት

ታላቅ ወንድሜ የሥራ ጠረጴዛውን እግር እንዳሳጥርለት ሲጠይቀኝ፣ ተስፋ የቆረጠ መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም አናጺዎች ነን፤ ጠረጴዛው ግን የእሱ ነው፤ በቁመቱ ልክ የተሠራ፣ ቆሞ እንጨት ለሚልግ ሰው የሚመች። ከጣሪያ ወድቆ ሕብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ ከደረቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዘውም። ጠረጴዛውን ሳልነካ ማቆየቴን እንደ ታማኝነት ቆጠርሁት፤ ዝቅ ባደርገው፣ ከእንግዲህ አትቆምም ብዬ የምፈርድበት መሰለኝ። ስለዚህ ዛሬ ነገ እያልሁ አንድ ዓመት አጓተትሁት።

እሱ ያን ዓመት አልቦዘነም። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ እጆቹን ከፍራሹ ያነሣና ያለ ድጋፍ መቀመጥን ይለማመዳል። መጀመሪያ ላይ አሥር ሳይቆጥር እንደ ባዶ ጆንያ ይዘነብል ነበር። ቆዳው እንዳይቆስልም በየግማሽ ሰዓቱ ክንዶቹን ተመርኩዞ ገላውን ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ከፍ ያደርጋል። አንዳች ለውጥ ሳይታይ ወራት ያልፉ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ግትሩ» የሚል ስም አወጣችለት። ልምምዱ ያስጠላህ እንደሆነስ ብዬ ብጠይቀው፣ ከወንበሩ እጀታ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ መለሰልኝ።

«ፍላጎት እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል። ባይመጣም ግን ቤቱ ይጠረጋል።»

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወንበሩን በገዛ እጁ እየገፋ ወደ ሥራ ቤቱ መጣና መላጊያ አነሣ። የጠረጴዛው ገጽ ደረቱ ጋ ይደርስ ነበር። ክንዶቹን ሰቅሎ ሁለት ጊዜ እንደ ላገ ሚዛኑን ስቶ በግንባሩ ሳንቃው ላይ ተደፋ። ደንግጬ ሳቀናው ቅንድቡ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተጣብቋል፤ እሱ ግን ይስቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁረጥ ያልኩህ እንጨት ነው» አለኝ። «ተስፋውን ማን ጨመረበት?»

መቆሙ ይሆንለት አይሆንለት እንደሆነ ለጊዜ እንደተወው፣ እጆቹ ግን ዛሬም እንደሚሠሩ አስረዳኝ። የዚያን ሁሉ ወራት ላብ መና ሊያስቀር የቀረው እንቅፋት የእኔ ርኅራኄ እንደ ነበር ያኔ ገባኝ።

እዚያው በተቀመጠበት ከወለሉ እስከ ክርኑ ለካሁ። ከዚያም መጋዙን አንሥቼ የጠረጴዛውን አራት እግሮች አንድ አንድ ስንዝር አሳጠርኋቸው።