ሮሆቦት ያልተናገረችው

ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሮሆቦት ዲላ ውስጥ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ አረፈች። አፏ በኦክስጅን ጭምብል እንደተሸፈነ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ሄደች። አጠገቧ የነበረው ባጃጅ ነጂው ወንድሟ ታዲዮስ ብቻ ነው። እናታቸው ድንቅነሽ ከምትኖርበት ከቡሌ ስትመጣ የሌሊቱ ዝናብ መንገዱን ዘግቶባት፣ ጭቃውን በእግሯ አቋርጣ የደረሰችው ልጇ ከተገነዘች በኋላ ነበር።

ቡሌ ወስደው ቀበሯት። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ለቀስተኛውም ወደየሥራው ተበተነ። ድንቅነሽ ግን ከምንጣፏ አልተነሳችም። እንሰቱ ሳይፋቅ ቀረ፤ ጎረቤት የሚያመጣላት ቆጮ እንደተሸፈነ ይመለሳል። ታዲዮስ እሑድ እሑድ ከዲላ ወደ ቡሌ ሲወጣ የምትጠይቀው ያንኑ አንዱን ነገር ነው።

"ምን አለችኝ?"

"ምንም አላለችም። መናገር አልቻለችም።"

"ያቺ ለፍላፊ?" ትላለች። "ያቺ ዝም ብላ ሞተች ትለኛለህ?"

እውነቱን ስለተናገረ ጥፋተኛ የሆነ መሰለው። እናቱ ዓይኑ እያየ እየመነመነች ነው። አንድ ቃል፣ አንድ የመሰናበቻ ቃል ብታገኝ ተነስታ እንደምትበላ እርግጠኛ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ፣ ሮሆቦት ዲላ ትዘምርበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑን ድምፅ ማጉያ የሚቆጣጠረውን ሲላስን አነጋገረው። ሲላስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የማይሞክረው ነገር የለም። ሮሆቦት ብቻዋን የዘመረቻቸው መዝሙሮችና ለጉባኤው ያነበበቻቸው ማስታወቂያዎች በሙሉ እሱ ኮምፒዩተር ውስጥ አሉ። ሁሉም በአማርኛ ናቸው። ከእናቷ ጋር በስልክ በጌዴኦኛ ስታወራ የቀዳት ሰው የለም፤ ማን ያስባል?

ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት የድምፁ ባለቤት ፈቅዳ እንደሆነ ጠየቀ። ሲላስ ዞር ብሎ ታዲዮስን አየው።

"ምን ልበለው?"

"ፈቅዳለች በለው።"

ታዲዮስ የሚባለውን ቃል አስቦ ነበር የሄደው፤ እዚያ ሲደርስ ጠፋው። ሲላስ እሱም በማሽኑ ይጻፋል አለና፣ ልትሞት ያለች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ለእናቷ ምን እንደምትል እንዲጽፍ አዘዘው። ዓይን ጨፍነው ሳይገልጡ ጽፎ ጨረሰ። ወዲያው የሮሆቦት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

"እማዬ፣ አታልቅሺ። ያሳደገኝ እጅሽ አሁንም ግንባሬ ላይ አለ። ደክሞኝ ነው እንጂ ፈርቼ አይደለም።"

ታዲዮስ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። አብሯት ያደገው እሱ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣውም ነበር። ዓይኑን ጠርጎ በጌዴኦኛ እንዲያደርግለት ጠየቀ። ማሽኑ በትሕትና እሺ አለ። የወጣው ግን ግማሹ ሲዳምኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ፣ የቀረው የማንም ያልሆነ ነበር፤ በእህቱ ድምፅ፣ ትኩሳት ላይ እንዳለ ሰው ቅዠት። የሆስፒታሉ ሽታ አፍንጫው ላይ መጣበት።

"ዝጋው። አጥፋው።"

"ለጌዴኦኛ ገና ነው፣ ወንድሜ። ያልሰማውን ከየት ያምጣው?"

"ታዲያ አልችልም አይልም?"

"እንደ ቡና ደላላ ነው፤ የለኝም ማለት አያውቅም።"

አማርኛውን ይዞ ወጣ። እናቱ አማርኛ ትሰማለች፤ ጪጩ ገበያ ስትሸጥ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ትግባባበታለች። ይበቃል ብሎ አሰበ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጓሮ፣ እንሰቱ ሥር አስቀመጣት። ሆስፒታል ሳለች የቀዳሁት ነው፣ እስክትረጋጊ አቆይቼው ነው አላት። ድንቅነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ሰማች። ድገመው አለች፤ ደገመላት።

"እሷ ናት" አለች በጌዴኦኛ። ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና፣ "ሌላ ሰው ነበር አጠገባችሁ?"

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"ታዲያ ለማን ብላ ነው በአማርኛ?"

ታዲዮስ ሁሉን ሲያስብ ይህን አላሰበም። ሮሆቦት ለእናቷ አንድም ቀን አማርኛ ተናግራ አታውቅም፤ የዲላ ጓደኞቿ እየሳቁባት እንኳ ስልኩን አንስታ በጌዴኦኛ ነበር የምትጮኸው። "እማዬ" ብላም ጠርታት አታውቅም።

"ሐኪሞቹ እንዳይንቋት ነው" አለች ድንቅነሽ። "አፍራብኝ ነው የሞተችው።"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራት። ማሽን ነው አላት፣ ቃሉም ድምፁም። ማለላት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"እኔ የወለድኳትን ልጅ ድምፅ ማሽን ሊሠራው? እንዳይከፋኝ ብለህ ነው፤ ገብቶኛል።"

የተበላሸው ጌዴኦኛ ቢኖር ያሰማት ነበር፤ እሱን ግን ሲላስ አጥፍቶታል። በሳምንቱ ሲላስን ራሱን ባጃጅ ላይ ጭኖ ቡሌ አወጣው። ልጁ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አስረዳ፣ ለመነ። ድንቅነሽ ቆጮ አቀረበችለት። ስለ ወንድምህ ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተህ መዋሸትህ ደግ ልጅ ብትሆን ነው ብላ መረቀችው።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ጠርተው መከሩ። አንዳንዱ ሙታን መጥራት ነው አለ፤ አንዳንዱ ከፎቶ በምን ይለያል አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ይርጉ ሲላስን፣ እኔ ስሞት ደግሞ አሥራት ክፈሉ እያልኩ እንዳታስጮኸኝ ሲሉት ጥቂቶች ሳቁ። በመጨረሻ ደንብ ወጣ፤ የሟች ድምፅ ያለቅርብ ቤተሰብ ፈቃድ በማሽን አይሠራም።

ታዲዮስ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰማ። ፈቃዱን የሰጠው የቅርብ ቤተሰብ እሱ ነበር።

ደንቡ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተለጠፈ። ድንቅነሽ ከምንጣፏ ተነስታ መብላት ጀምራለች፣ እንሰቷንም ትፍቃለች። ድምፁን ካሰማት እሑድ ወዲህ ግን ታዲዮስን የምታናግረው በአማርኛ ነው።